ስለ መተርጐሚያ መኪና ሥራና ስለ ጕድለቱ የቀረበ ምርመራ

የአንድ ተርጓሚ ሥራ በታተመ ጊዜ ዐዋቂ አንባቢ መጽሐፉን ከፍቶ ቃሉ ከምንጩ ጋራ የተስማማ እንደ ሆነ፥ አማርኛውም ያማረ እንደ ሆነ ይመረምራል፤ መልካሙን ያመሰግናል፥ የጐደለውንም ይነቅፋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ስሙ በመጽሐፍ ልባስ ላይ የማይታይ፥ ሌሊትና ቀን የማይደክም አንድ ተርጓሚ ተነሥቷል። ይኸውም በኢንተርኔት ያለ ዋጋ የሚገኘው የመተርጐሚያ መኪና ነው። በእጅ ስልኩ ጥቂት ቃል የጻፈ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ድረስ ትርጓሜውን ያገኛል። የዘመድ ደብዳቤ፥ የሐኪም ትእዛዝ፥ የፍርድ ቤት ወረቀት፥ የሰንበት ስብከትም ሳይቀር በዚህ መኪና ውስጥ ያልፋል። እንግዲህ ሥራው እንደ ማናቸውም ተርጓሚ ሥራ ሊመረመር ይገባል፤ በነጻ የተሰጠ ነገር አይመረመርም የሚል ደንብ የለምና።

አስቀድሞ ታሪኩን በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1949 ዓ.ም. ዋረን ዊቨር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ የባዕድን ቋንቋ ጽሑፍ እንደ ምስጢር ጽሑፍ ቈጥሮ በኮምፒውተር መፍታት ይቻል ይሆናል ብሎ ሐሳቡን ጻፈ። በ1954 ዓ.ም. የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲና አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ከ60 የሚበልጡ የመስኮብኛ ዐረፍተ ነገሮችን በሕዝብ ፊት ወደ እንግሊዝኛ አስተረጐሙ። መኪናው በዚያን ጊዜ የሚያውቀው 250 ቃልና 6 የሰዋስው ደንብ ብቻ ነበር። ይህን ያዩ ሰዎች ነገሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይፈጸማል ብለው ተስፋ አደረጉ። በ1966 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ መንግሥት የተመረጡ መርማሪዎች መኪናው ከሰው ተርጓሚ ይልቅ የዘገየ፥ የሳተና ውድም መሆኑን አስታወቁ፤ የሚሰጠውም ገንዘብ ተቋረጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ሰዋስውን ትተው የካናዳ ፓርላማ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የሚያትመውን ቃለ ጉባኤ ለመኪናው ሰጡትና በቍጥር እንዲያመዛዝን አደረጉት። ጉግል የተባለው ኩባንያ ይህንኑ መንገድ ይዞ በ2006 ዓ.ም. መኪናውን ለሁሉ ከፈተ። አማርኛ በ2016 ዓ.ም. ገባ፤ ትግርኛና ኦሮምኛ በ2022 ዓ.ም.፥ አፋርኛም በ2024 ዓ.ም. ተከተሉ።

መኪናው ቃላትን ያወዳድራል እንጂ ሰው እንደሚያውቅ ነገርን አያውቅም። በሁለት ቋንቋ ጐን ለጐን የተጻፈ ብዙ ንባብ ይሰጡታል፤ እርሱም የትኛው ቃል ከየትኛው ጋራ እንደሚሄድ፥ ከየትኛውም ቃል በኋላ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል ይመዝናል። ስለዚህ የተሰጠው ንባብ ሲበዛ ሥራው ይቃናል፤ ሲያንስ ይደናቀፋል። ለታላላቆቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች በሚሊዮን የሚቈጠር ዐረፍተ ነገር ከየፓርላማው ይገኛል። ተመራማሪዎች ለአማርኛ የሚሰበስቡት ግን ጥቂት ነው፤ በዚያም ውስጥ ከፍ ያለውን ስፍራ የያዙት መጽሐፍ ቅዱስና ሌላ መንፈሳዊ ጽሑፍ፥ በሁለት ቋንቋ የሚታተመው የነጋሪት ጋዜጣ፥ የጋዜጣ ወሬም ናቸው። እንግዲህ ይህ መኪና ዳዊት ደግሞ ዐዋጅም አንብቦ፥ ነገር ግን ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ይመስላል። የዐዋጅ አንቀጽ ሲሰጡት ደኅና ይሄዳል፤ ሁለት ጎረቤታሞች በቡና ላይ የሚጫወቱትን ሲሰጡት ግን ይጨንቀዋል።

ይህ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቱ በ2018 ዓ.ም. አንድ እንግዳ ነገር አሳይቷል። ሰዎች በጉግል መኪና ላይ «ውሻ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ደጋግመው ጽፈው፥ የኒውዚላንድ ነባሮች ከሚናገሩት ከማኦሪ ቋንቋ እንዲተረጐም ቢያዝዙ፥ መኪናው ስለ ዓለም ፍጻሜና ስለ ጌታ መምጣት የሚናገር ትንቢት የሚመስል ነገር አወጣ። ከሶማልኛም ትርጕም የሌለው ድምፅ ደጋግመው ቢሰጡት የጌድሶንን ልጆች ነገድ የሚቈጥር ቃል መለሰ። አንዳንዶች ምስጢር አለበት ብለው ፈሩ። ነገሩን ያጠኑት ሰዎች የሰጡት ምክንያት ግን ቀላል ነው፤ በእነዚህ ቋንቋዎች መኪናው ካነበበው ብዙውን ክፍል የያዘው ቅዱስ መጽሐፍ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ የሚለው ባጣ ጊዜ ወደ ተማረው ቃል ተመለሰ። አላውቅም ማለትን ያስተማረው አልነበረምና ዝም አላለም።

ዋናው ነቀፌታ በዚሁ ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ጉባኤ መምህሩ አንድ ቃል ሁለት ወይም ሦስት ምስጢር ሲኖረው አንዱን ገልጦ ሌላውን አይሰውርም፤ የመጀመሪያውን ይናገርና «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፥ ዳግመኛም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል። ሰሚው ቃሉ አጠራጣሪ መሆኑን፥ በየትኛውም መንገድ ሊሄድ እንደሚችል በዚህ ያውቃል። መኪናው ግን ለነጠላ ቃል አማራጭ ቢያሳይም ለዐረፍተ ነገር አንድ ፍች ብቻ ይሰጣል፤ ያም ፍች የተረጋገጠ ይሁን የተገመተ ምልክት አያደርግበትም። ከ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የመጡት፥ ቻትጂፒቲን የመሰሉት ተናጋሪ መኪኖች ሲጠየቁ «አንድም» ማለት ይችላሉ። ዳሩ ግን መጠየቅ የሚችል ሰው ቃሉ አጠራጣሪ መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው፤ ደግሞም አንድም በሌለበት ስፍራ አንድም ፈጥረው ይሰጣሉ።

አማርኛ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ተርጓሚ እጅግ አስቸጋሪ ቋንቋ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ይበላል» ተብሎ የተጻፈው ሰውዬው የሚበላ እንደ ሆነ ወይም እርሱ ራሱ የሚበላ ነገር እንደ ሆነ በአፍ እንጂ በጽሕፈት አይታወቅም። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋ፥ ጠብቆ ጠባብ ያልሆነ ነው። «ሽፍታ» በጫካ ያለ ወንበዴም፥ በገላ ላይ የሚወጣ በሽታም ይሆናል፤ ይህንኛውን ለሐኪም የሚጽፍ ሰው አደጋው ይገባዋል። አንባቢ ከነገሩ አካሄድ ይለየዋል፤ መኪናውም ብዙ ጊዜ ከጎን ካሉት ቃላት ይለየዋል፤ ቃሉ ብቻውን ወይም በአጭር መልእክት ውስጥ በመጣ ጊዜ ግን ባነበበው ውስጥ የበዛውን ይመርጣል።

የሞክሼ ፊደል ነገር ከዚህ ይብሳል። ሕዝቡ ሀንና ሐን፥ ሰንና ሠን፥ አንና ዐን እያቀላቀለ ስለሚጽፍ፥ የአማርኛን ጽሑፍ ለመኪና የሚያዘጋጁ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል ይመልሷቸዋል። ለሥራቸው ይመቻል፤ ምክንያታቸውም ስንፍና አይደለም። ነገር ግን በዚህ አሠራር ፀሓይ ሠረቀ የሚለውና ሌባ ሰረቀ የሚለው አንድ ይሆናሉ፤ ሥዕል የሣለው ሠዐለና የለመነው ሰአለ አንድ ይሆናሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ ነፍስ የምትድንበት ድኅነትና እንጀራ የሚታጣበት ድህነት አንድ ቃል ሆነው መግባታቸው ነው። መኪናው የዘመኑን ጋዜጣ አብዝቶ ካነበበ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያስቸግርም። ስለ ድኅነት የተጻፈ ስብከት ስለ ችግርና ስለ ረድኤት ገንዘብ የሚናገር ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

የሰውም ስም ሌላ ወጥመድ ነው። የኢትዮጵያ ሰው ስሙ ብዙ ጊዜ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ፊደላችንም እንደ ላቲን ፊደል ለስም መጀመሪያ የሚሆን ታላቅ ፊደል የለውም። «ተስፋዬ ወደ ገበያ ሄደ» ቢባል ተስፋ የተባለው ነገር እግር አውጥቶ ሊሄድ ይችላል፤ «ዓለማየሁ መጣ» የሚለውም ዓለምን ስለ ማየት የሚናገር ይሆናል። ይህ የሚያስቅ ነው። በመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ የተጻፈ ስም እንዲህ ሲሆን ግን አያስቅም።

ስለ ክብር ቃልም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ለሕፃኑም ለጳጳሱም፥ ለወንዱም ለሴቲቱም «ዩ» ይላል። አማርኛ ግን አንተ፥ አንቺ፥ እርስዎ፥ እናንተ ብሎ ይለያል፤ ግሱም ሁሉ በዚያው ይለወጣል። ከእንግሊዝኛ የሚመጣው ቃል ይህን ስላልያዘ መኪናው ከራሱ መጨመር ግድ ይሆንበታል፤ ብዙ ጊዜም ወንዱንና ነጠላውን ይወስዳል። በውጭ አገር የተወለደ ወጣት ለአገሩ ጳጳስ በእንግሊዝኛ የትሕትና ደብዳቤ ጽፎ በመኪና ቢያስተረጕመው «ብፁዕ አባታችን ሆይ፥ ነገ ና» የሚል ሊደርስ ይችላል። ለአያቱም የጻፈው አንተ ወይም አንቺ ብሎ ቢሄድ፥ አሮጊቷ መኪና እንደ ጻፈው በምን ያውቃሉ? ልጁ አሳዳጊ የበደለው ይመስላቸዋል።

ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ ሲሆን ጕዳቱ እጥፍ ይሆናል። ለሁለቱ ቋንቋዎች በቀጥታ የተጻጻፈ ንባብ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ አማርኛው ወደ እንግሊዝኛ፥ እንግሊዝኛው ወደ ዐረብኛ ተሻግሮ ይሄዳል። በጅዳ ወይም በኩዌት በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ለእመቤቷ በአማርኛ «አንቺ» ብላ የጻፈችው፥ በድልድዩ ላይ ጾታው ወልቆ በዐረብኛ ለወንድ የተነገረ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ዐረብኛ እንደ አማርኛ ወንድና ሴት የሚለይ ሲሆን፥ ሁለቱ ዐዋቂዎች በማያውቅ አስተርጓሚ ተለያዩ ማለት ነው።

በድልድይ ማለፍ ራሱ ግን ነውር አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያናችንም መጻሕፍት ብዙዎቹ እንዲሁ መጥተዋል። ብሉይ ኪዳን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ፥ ከጽርዕ ወደ ግዕዝ ተሻገረ። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ጳጳስ አባ ሰላማ መተርጕም የሚባል ስም ያገኙት በዘመናቸው ብዙ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ስለ ተመለሰ ነው። የደብረ ሊባኖሱ ዕጨጌ እንባቆም በ1553 ዓ.ም. ከዐረብኛ የተረጐሙት የበረላምና የይዋስፍ ታሪክ ከሕንድ አገር ተነሥቶ በብዙ ቋንቋ ያለፈ ነው፤ የመነሻውም ነገር ስለ ቡድሃ የሚነገረው ታሪክ መሆኑን ሊቃውንት ደርሰውበታል። እንዲህ ከድልድይ ወደ ድልድይ ሲሄድ የሌላ ሃይማኖት መምህር የክርስቲያን ጻድቅ ሆነ። ነገር ግን በየድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ነበረ፤ የለወጠውን ዐውቆ ለወጠ፥ የሳተም እንደ ሆነ ስሙ ተጽፏልና ይጠየቅበታል። በካይሮ አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኵሴ አሥር ዓመት ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ሁሉ ወደ አማርኛ መልሷል፤ የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ነበር። ወንጌሉ በ1824 ዓ.ም.፥ መጽሐፉ በሙሉ በ1840 ዓ.ም. ታተመ። ጕድለቱን ያዩ ሁሉ ነቀፉት፤ ከዚያም በኋላ ተደጋግሞ ታረመ። የመኪናው ትርጓሜ ግን ዛሬ አንድ ዓይነት፥ ነገ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፤ ትናንት የተሳሳተውን ሰው ይዞ ቢሄድ «እኔ ነኝ» የሚለው የለም።

እስካሁን የተባለው ለቋንቋ አፍቃሪ ብቻ የሚያሳዝን የሚመስለው ሰው ካለ፥ የሚከተለውን ይመልከት። በ2014 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች 10 የሕክምና ዐረፍተ ነገሮችን በጉግል መኪና ወደ 26 ቋንቋ አስተረጐሙ፤ ከ100 ወደ 58 የሚጠጋው ብቻ ትክክል ሆነ፤ የአፍሪካ ቋንቋዎች ከሁሉ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ልጅዎን የሚጥል በሽታ ይዞታል የሚለው ቃል በስዋሂልኛ ልጅዎ ሞቷል ሆኖ ወጣ። አማርኛ ያን ጊዜ ገና ከመኪናው አልገባም ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናው መሻሻሉ አይካድም፤ በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ ከድንገተኛ ሕክምና ለሚወጡ ሰዎች የሚሰጠው ምክር በ7 ቋንቋ ሲመረመር እስፓንኛው ከ100 94 ያህል ፍችውን ጠብቆ ተገኘ። አርመንኛው ግን 55 ብቻ ነበር። አንድ መኪና፥ አንድ ቀን፥ አንድ ምክር ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከቋንቋው ነው። እንግዲህ የእስፓንያን ሰው የረዳ መኪና የአማርኛን ተናጋሪ በዚያው መጠን ይረዳል ብሎ ማመን ስሕተት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የፍልስጥኤም ሠራተኛ በቡልዶዘር አጠገብ ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ በፌስቡክ አውጥቶ በዐረብኛ የማለዳ ሰላምታ ጻፈበት። መኪናው በዕብራይስጥ «ምቷቸው» አሰኘው፤ የእስራኤል ፖሊሶችም ሰውየውን ያዙትና ብዙ ሰዓት መርምረው ለቀቁት። ዐረብኛ የሚያውቅ ፖሊስ አስቀድሞ አላነበበውም ነበር። በአሜሪካም ጥገኝነት የጠየቀች የፓሽቶ ተናጋሪ ሴት ብቻዋን የደረሰባትን መከራ በ«እኔ» የተናገረችው፥ በመኪና ትርጓሜ «እኛ» ሆኖ ከቃሏ ጋራ ስላልተስማማ ማመልከቻዋ እንደ ተመለሰባት በ2023 ዓ.ም. ተጽፏል። አንድ ተውላጠ ስም ነው።

የቀድሞው መኪና ቢያንስ አንድ ደግነት ነበረው፤ ዐረፍተ ነገሩ የተሰባበረ ስለ ነበረ አንባቢው ይጠራጠር ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው አሠራር ግን ቃሉን አለስልሶ ያቀርባል፤ አንዳንድ ጊዜም ያልገባውን ሐረግ ዘልሎ፥ ወይም የሌለውን ጨምሮ ስፌቱን ሳያሳይ ያልፋል። ከአገር ቤት «አያትሽ ዐረፉ» የሚል መልእክት በዋሽንግተን ላለች፥ አማርኛ ለማታነብ ልጅ ቢደርስና አያቷ ደክሟቸው እንደ ተኙ ሆኖ ቢተረጐምላት፥ የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር አንዳች ጕድለት የለበትም። ስለዚህ ነው የማትጠራጠረው።

መኪናው ምንም አይጠቅምም ማለት ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የባዕድ አገር ጋዜጣ ስለ ምን እንደሚናገር ለማወቅ፥ የመንገድና የመደብር ጽሑፍ ለማንበብ፥ የማይታወቅ ደብዳቤ ለማን ሊሰጥ እንደሚገባ ለመለየት የሚበቃ ነው። ሊጽፍበት የሚሻም ዐረፍተ ነገሩን ቢያሳጥር፥ ባለቤቱን በስም ቢጠራ፥ ፈሊጥና ቅኔ ቢተው የተሻለ ያገኛል፤ «ሆዴ ባባ» ከማለት «አዘንሁ» ቢል ይሻለዋል። የወጣውን መልሶ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ማስተርጐም የተለመደ መፈተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ፈተና ስሕተትን ይገልጣል እንጂ ትክክል መሆንን አያረጋግጥም። በመሄጃው የሳተውን መኪናው በመመለሻው በዚያው መንገድ ስቶ ሊያቀናው ይችላልና። ምስጢር የሆነውንም ነገር በነጻ መኪና ላይ መጻፍ አይገባም፤ በ2017 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር ሰዎች በአንድ የነጻ ትርጓሜ አድራሻ ያስተረጐሟቸው የሥራ ወረቀቶች በኢንተርኔት ላይ ለማንም ፈላጊ ተገልጠው ተገኝተዋል።

በውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎች ለልጆቻቸው የሚያትሙት በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ ወረቀት ለዚህ ምርመራ የቅርብ ምሳሌ ነው። የቅዳሴውን ሰዓት፥ የጾሙን ቀን፥ የጉባኤውን ስፍራ መኪናው ቢተረጕመው፥ የቀኑ ቍጥር ከታየ በኋላ ብዙ የሚያሰጋ የለም። የሃይማኖት አንቀጽ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። «አካል» የሚለው ቃል በሕክምና ወረቀት እጅና እግር ነው፤ «ባሕርይ» የሚለውም በዛሬው ጋዜጣ የሰው ጠባይና አመል ማለት ሆኗል። በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን ጉባኤ አብያተ ክርስቲያናትን የለየው ስለዚሁ ስለ ባሕርይ የተነሣው ክርክር ነው። ይህ ቃል በአንድ የሰንበት ትምህርት ወረቀት ላይ መልካም ጠባይ ማለት ሆኖ በእንግሊዝኛ ቢወጣ፥ አማርኛ የማያነበው ልጅ የሚያርመው የለም። እንዲህ ያለው ወረቀት ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ መምህር፥ እርሱም ባይገኝ አንድ ዲያቆንና እዚያው ያደገ አንድ ወጣት ባንድነት ተቀምጠው፥ አንዱ አማርኛውን አንዱ እንግሊዝኛውን ይዞ ቃል በቃል ሊያስተያዩት ይገባል። ለአራት ገጽ ወረቀት ከጸሎት በኋላ የሚተርፈው ጊዜ ይበቃል።